አዝማሪ ፊት አትቀመጪ

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ሲል ስልኬ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ናት፤ ከኮሎራዶ፣ አውሮራ ከምትባለው ከተማ። እንደ ወትሮዋ ለሁላችንም ሰላምታ በየተራ ሳታዳርስ፣ «ጋሼ፣ ቶሎ በሉ፣ ወንበር ምረጡልኝ» አለች።

እናቴ ጀበናውን ማቶቱ ላይ መለሰችው። «ወንበር? ቤት ልትይዝ ነው!» ብላ ለእልልታ አፏን አሰናዳች። ሦስት ዓመት ሙሉ የምትጠብቀው ወሬ ይኸው ነው። መጀመሪያ አልጋ፣ ቀጥሎ ቁም ሣጥን፣ ቀጥሎ ወንበር፣ ከዚያ ባል። ቅደም ተከተሉ ለእኔም ገብቶኝ አያውቅም፤ እናቴ ግን ዕቃው ከተሟላ ሰውየው አይጠፋም ባይ ናት።

ልጅቱ ሳቀች። ወንበሩ ለአንድ ምሽት ብቻ ነው፤ ዘፈን ልትሰማ ነው። ቦታው ሬድ ሮክስ ይባላል፣ ቀይ ዓለቶች ማለት ነው። ከዴንቨር ወጣ ብሎ፣ ግራና ቀኝ እንደ ግድግዳ በቆሙ ሁለት ቀያይ ገደሎች መካከል ተዳፋቱን እንደ ደረጃ ደልድለው የሠሩት፣ ጣራው ሰማይ የሆነ አዳራሽ ነው። 70 ረድፍ አለው፤ ዘጠኝ ሺህ ተኩል ያህል ሰው ይይዛል። ትኬቱ የሚከፈተው በእነሱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ሩብ ሰዓት ቀርቶታል።

«ታዲያ እኛን ምን አስጠየቀሽ?» አልኳት። እኔ ፍኖተ ሰላም የታሪክ መምህር ነኝ፤ የኮሎራዶን ወንበር ከየት አውቄ።

«አያ እዚያ ናቸው አይደል?» አለች። ገባኝ። የምትፈልገው እኔን አልነበረም።

አያ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። የዚያን ዕለት ከገበዝ ማርያም ለጉዳይ መጥተው እኛ ዘንድ ሊያድሩ ነበር። በአገራቸው ዳስ ተጥሎ እሳቸው በር ላይ ካልቆሙ ሰርጉ ሰርግ አይባልም። አጋፋሪ ናቸው። ቁጥር የላቸው፣ ሥዕል የላቸው፤ ጭራቸውን ይዘው ከበሩ ይቆማሉ፣ የሚገባውን ሰው አንድ ጊዜ ቀና ብለው ያያሉ፣ በቃ። የማን ክርስትና ልጅ እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ሲሰክር እንደሚያለቅስ ወይስ እንደሚፎክር፣ ይህ ሁሉ በአንድ እይታ ተሰልቶ ሰውየው ቦታው ላይ ይገኛል። ተሳስተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ በመሬት የሚካሰሱ ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን አስቀምጠዋል ይባላል። እሳቸው ግን ያም ስሕተት አልነበረም ባይ ናቸው፤ ሲነጋ ታርቀዋላ። አንደኛው አንድ ጥርስ ጎደለው እንጂ።

የመቀመጫዎቹ ሥዕል በቴሌግራም መጣ። የማር እንጀራ ይመስላል። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ መቀመጫ ነው፤ መድረኩ ከታች፣ ረድፉ ወደ ላይ። ቀለም ያለው ነጥብ ባዶ ነው፤ ግራጫ የሆነው ተይዟል። በእኛ አማርኛ ግራጫው «ሰው አለው» ነው። ይህን ቃል ለፈረንጅ ማስረዳት እንዴት ይቻላል? ምግብ ቤት ገብተህ አንድ ወንበር ስትስብ «ሰው አለው» ትባላለህ። ወንበሩን ታየዋለህ፤ ሰው የለውም። ግን አለው። ሰውየው እጁን ሊታጠብ ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ደብረ ማርቆስ ሄዶም ሊሆን ይችላል። እስኪመጣ ነጠላ፣ የውኃ ፕላስቲክ ወይም የመኪና ቁልፍ ይወክለዋል። እኛ ኢንተርኔት ሳይመጣ በፊት ቦታ በወኪል የምናስይዝ ሕዝብ ነን።

መጀመሪያ የተናገረው ወንድሜ ነው። ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር፣ መንገዱ ደህና በሆነ ዕለት፣ ሚኒባስ ይነዳል። «ምን ያነጋግራል?» አለ። «ጋቢና ትያዝ!» ለእሱ ዓለም ሦስት ቦታ ብቻ ናት፤ ጋቢና፣ መሐልና ኋላ። በየማለዳው ለጋቢና የሚደረገውን ልመና፣ ዝምድና ቆጠራና ኩርፊያ ስለሚያይ የሰው ልጅ ምኞት ሁሉ እዚያ የሚያልቅ ይመስለዋል።

«ጋቢናው የትኛው ነው?» አሉ አያ።

«ፊት ለፊት፣ ከመድረኩ ሥር።»

አያ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ከአዝማሪው ፊት? ኧረ ተይ ልጄ! አዝማሪ ፊት አትቀመጪ።»

ከዚያ የሆነው ትምህርት ነው። ማሲንቆው እየተቃኘ ሳለ የአዝማሪው ዓይን ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከፊቱ ካለው ሰው ላይ ያርፋል። ዝቅ ብሎ ስምህን ከጎረቤትህ ይጠይቃል። ጎረቤት ደግሞ በሰው ገንዘብ ለጋስ ነው፤ ስምህን ብቻ ሳይሆን የአያትህንም ይጨምርለታል። ሙገሳው ይጀመራል፤ ከቅድመ አያትህ ጀግንነት ተነሥቶ እስከ ጫማህ። ዳሱ ሁሉ አንተን ያያል። ከዚያ ግጥሙ ይቆምና ማሲንቆው ብቻ ይቀራል፤ ያቺ ማሲንቆ «እህሳ?» የምትል ናት። ግንባሩ ላይ ብር እስክትለጥፍ አይለቅህም። ዝም ካልክ ሙገሳው ይገለበጣል፤ ነገሩ ሰምና ወርቅ ስለሆነ ደግሞ መቆጣትም አትችል፣ እየሳቅህ ትሰደባለህ።

«ታዲያ እዚያ ማንን ነው የሚያስቀምጡት?» አለች ልጅቱ።

«ከከተማ የመጣ ደሞዝተኛ ነዋ!» አሉ አያ። «ያፍራል፤ ይከፍላል። ዳሱም አይቀዘቅዝም።»

ሁላችንም ሳቅን። ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ።

ልጅቱ ይህ ዘፋኝ እሷን እንደማያውቃት ልታስረዳ ሞከረች። አያ «እኔንስ ያኛው መች ያውቀኝ ነበር?» ብለው ዘጉት። ደግነቱ እዚያም ፊት ለፊቱ ለሁሉ ክፍት አልነበረም። የመጀመሪያው ረድፍና የመጨረሻው፣ 70ኛው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጡና ደረጃ ለማይችሉ ሰዎች የተለየ ነው። ይህን ሲሰሙ አያ ከልባቸው ደስ አላቸው። «ይህን የደነገገ ሰው አጋፋሪ ነው» አሉ። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

«ጀንበር በየት ትጠልቃለች?» ቀጠሉ።

«በጀርባችን። መድረኩ በምሥራቅ በኩል ነው፤ ከኋላው የዴንቨር መብራት ይታያል።»

«እንደ ቤተ ክርስቲያን ወደ ምሥራቅ ነው የሚያዩት» አሉ፤ ይህም አለፈ። ችግር የፈጠረችው እናቴ ናት። መደገፊያው ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀች። መደገፊያ የለውም። ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ሳንቃ ነው፤ ቁጥር ተጽፎበታል።

«ቆይ ቆይ» አለች እናቴ። «ወንበር ብለሽኝ አግዳሚ ነው?»

«አዎ እማማ፣ አግዳሚ።»

«አግዳሚ ላይ ቁጥር ምን ይሠራል? ጠጋ በሉ ነው እንጂ!»

መልስ ያለው አልተገኘም። ለእናቴ ወንበር ሲሞላ ይሞላል፤ አግዳሚ ግን ሞልቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጨምራል። ያንን አንድ ሰው ፈረንጆቹ የት እንዳደረሱት ስታስብ ቶናው ቀዘቀዘ።

አያ ወደ ዝናብ ተሻገሩ። ዘንቦም ዘፈኑ አይቋረጥም፤ ጃንጥላ የኋላውን ሰው ስለሚከልል የዝናብ ልብስ ይለበሳል። «በረዶስ?» ልጅቱ ዝም አለች። ወጥረው ሲይዟት በ2015 ዓ.ም. ሰኔ 14 የሆነውን ተናገረች። ዘፈኑ ሊጀመር ሲል የወረደው በረዶ መሸሸጊያ ያጣውን ሕዝብ ቀጥቅጦ ወደ መቶ የሚጠጋ ሰው አቁስሏል። እናቴ አማተበች። አያ ግን ያሰቡት ሌላ ነበር። «በሰኔ?» አሉ። «ገና ዘር ሲወድቅ? እዚያ ማሳ የሌለ እንደሆነ ነው።»

እኔ በበኩሌ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ዝም ብል ኖሮ ይሻል ነበር። በስልኬ ስፈልግ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,966 ሜትር መሆኑን አገኘሁ፤ የእኛዋ ፍኖተ ሰላም 1,900 ገደማ ናት። በከፍታ እኩዮች ነን። የተመረቀበት ቀን ደግሞ ሰኔ 8 ቀን 1933 ነው። ጃንሆይ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ በገቡ በ41ኛው ቀን መሆኑ ነው! ከሱዳን ተነሥተው በጎጃም፣ በቡሬ አድርገው ያለፉት፣ ይህችን ከተማ ፍኖተ ሰላም ያሏት ጃንሆይ። የአያ አባት ያን ጊዜ መንገድ ዳር ቆመው ንጉሡን አይተዋል። የት እንደቆሙ እስከ ዛሬ በቤተሰቡ ይነገራል፤ ከአንድ ዋርካ ሥር። ቁጥር አልነበረውም፣ ግን «ጥሩ ቦታ ነበር» ነው የሚባለው።

የታሪክ መምህር አንድ ጊዜ ከተነሣ የሚያስቆመው ደወል ብቻ ነው። ስለ ግብር ቀጠልኩ። በምኒልክ አዳራሽ ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱ ጋር በመጋረጃ ውስጥ ይበላሉ፤ መጋረጃው ሲገለጥ ሠራዊቱ በየማዕረጉና በየተራው ይገባል፤ ማንም ትኬት አይዝም፣ ሁሉም ግን ቦታውን ያውቃል አልኩ። አቴናም ሄድኩ። እዚያ በዲዮኒሶስ ቲያትር የፊተኛው ረድፍ የእምነ በረድ ወንበር ነበር፤ የባለቤቱ ማዕረግ ድንጋዩ ላይ ተቀርጾበታል፤ የመሐለኛው የቄሱ ነው።

«ቄሱን ፊት ያስቀምጣሉ? ጨዋ ሕዝብ ናቸው» አለች እናቴ።

«የጣዖት ቄስ ነው እኮ።»

«ቢሆንም።»

ከአቴና ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም ተመለስኩ፤ ይህ የተማሪነት ዘመኔ ነውና ልተወው አልቻልኩም። ስታዲየሙ ውስጥ ሰው የሚቀመጠው በቁጥር ሳይሆን በስም ነበር። ክቡር ትሪቡን፣ ጥላ ፎቅ፣ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ። ካታንጋ የኮንጎ ክፍለ ሀገር ነበረች፤ ጦርነቷን ያየ ሰው የእኛንም ካታንጋ ጩኸት ቢሰማ ስሙ ይገባዋል። እኔ ያደግሁት እዚያ ነው፤ ፀሐዩን በጋዜጣ ባርኔጣ እየተከላከልኩ። ከሁሉ የምወደው ስም ግን «ከማን አንሼ» ነው። ጥላ ፎቅ የሚገባበት ገንዘብ የለውም፣ ካታንጋ ደግሞ ክብሩ አይፈቅድለትም፤ መሐል ላይ ይቀመጥና ስሙን ለመቀመጫው ይሰጠዋል። ይህን ስም ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ ሐውልት ይገባዋል ብዬ እከራከር ነበር። የትኛው የፈረንጅ ትኬት ሻጭ ነው የገዢውን ነፍስ እንዲህ አድርጎ በሁለት ቃል ረድፍ ላይ የጻፈው? በጥር 1954 ዓ.ም. በዚያው ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ሲቀበል እንኳ...

«ጋሼ!» አለች ልጅቱ። «ተከፍቷል እኮ! 23ኛው ረድፍ ሄደ!»

ስልኩን አየነው። የማር እንጀራው ግራጫ እየለበሰ ነው። ከታች ጀምሮ፣ ድርቅ እንደያዘው ማሳ፣ ጥግ በጥግ። ሰው አለው፣ ሰው አለው፣ ሰው አለው።

«30ኛው መሐል ላይ ሁለት አለ!»

«ከምሰሶ ሥር እንዳይሆን» አሉ አያ።

«አያ፣ ምሰሶ የለውም!»

«ምሰሶ የሌለው ዳስ ደግሞ...»

ሁለቱም ግራጫ ሆኑ። 38ኛውን ወንድሜ ወደደው፤ እናቴ ከሽንት ቤት ይርቃል አለች። ርቀቱ እስኪጠየቅ ሄደ። 44ኛው ላይ ሁላችንም ተስማማን። እንዲህ ያለ ስምምነት በቤታችን ከአባቴ ተዝካር ወዲህ አልታየም። ልጅቱ ስትጫነው «ይህ ቦታ ተይዟል» አላት። በመጨረሻ ራሷ ወሰነችና፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ «61ኛ ረድፍ፣ ዳር ላይ» አለች።

ጸጥ አልን። አያ ራሳቸውን ነቀነቁ። በእሳቸው ሕግ ዳር የሚቀመጠው አርፍዶ የመጣና የሙሽራው ወገን የማያውቀው ሰው ነው። «ለሚያልፍ ሁሉ ብድግ ስትይ ልታመሺ ነው» አሉ። ላጽናናት ብዬ፣ ቢትልሶች የሚባሉት ስማቸው ዓለምን የሞላ ዘፋኞች ነሐሴ 20 ቀን 1956 እዚያው ሲዘፍኑ ትኬቱ 6 ዶላር ከ60 ሳንቲም እንደነበር፣ እንዲያም ሆኖ ወደ 2,000 የሚጠጋ ቦታ ባዶ እንደቀረ ነገርኳት።

«ታዲያ ያኔ አትሄድም ነበር?» አሉ አያ።

ያኔ እናቷ እንኳ አልተወለደችም። በረካውን ማንም አልጠጣም።

ዘፈኑ በሰኔ ነበር፤ የእነሱ ቅዳሜ ማታ፣ የእኛ እሑድ ንጋት። አያ ቅዳሜውኑ ለማዳበሪያ መጥቻለሁ ብለው አደሩ። ማዳበሪያው እሑድ እንደማይታደል እሳቸውም፣ እኛም እናውቃለን፤ ማንም አላነሣውም። ሲነጋጋ ስልኩ ጠራ። እናቴ ለቅዳሴ ነጠላዋን ተከናንባ በሩ ላይ ነበረች፤ ተመለሰች።

ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ከሩቅ አንድ ሰማያዊ ብርሃን፣ ግራና ቀኝ የቀላ ገደል፣ በመሐሉ ጨለማና ራስ ብቻ። ዘፋኙ የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል። አያ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ።

«ቆመው ነው እንዴ?»

«ቆመው ነው አያ። ገና ሲጀመር ተነሡ።»

«ከዚያስ?»

«አልተቀመጡም።»

አያ ወደ እኔ ዞሩ። «ለመቆም ነው ያ ሁሉ ቁጥር?» አሉኝ፤ ትኬቱን የሸጥኩት እኔ ይመስል። ከዚያ የአጋፋሪነታቸው ነገር መጣ። «ከጎንሽ ማን ነው ያለው?»

ልጅቱ ስልኩን አዞረችው። አንዲት ፀጉሯ የነጣ ፈረንጅ ሴት ናት፤ እሷ ተቀምጣለች። ብርድ ልብስ ደርባለች፤ ግማሹ ከልጅቱ ትከሻ ላይ ነው። ዳር በመሆናቸው የሚያልፈው ሁሉ ሲያስነሣቸው፣ ሲያስቀምጣቸው፣ አብረው ብድግ እያሉ ተላመዱ። ሴትየዋ እጇን አወዛወዘች። አያ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ እንዴት አደሩ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ከብቱ፣ ልጆቹ፣ አገሩ ሰላም ነው ወይ ብለው በየተራ ጠየቁ። እዚያ ገና ምሽት ነው። ሴትየዋ ግን አንዱንም ሳታቋርጥ ሰማች። እናቴ ብርድ ልብሱን ብቻ ነው ያየችው። «ጠጋ ብላላታለች» አለችና ወደ ቅዳሴዋ ሄደች።

በጥር ገበዝ ማርያም ሰርግ ተጠራሁ። ዳሱ በአዲስ ሸራ ተሸፍኖ፣ መሬቱ ቄጠማ ተጎዝጉዞበት ጠላው ጠላው ይሸታል። አያ ጭራቸውን ይዘው ከበሩ ቆመዋል። አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። አዲስ ኮት ለብሼ ነበር። ሳይሳለሙኝ እጄን ያዙና ወደ ውስጥ ይመሩኝ ጀመር። ቄሶቹን አለፍን። ሽማግሌዎቹ ዘንድ የሚያስቀምጡኝ መስሎኝ ጉልበቴን አጠፍ ሳደርግ ሳብ አደረጉኝ፤ እነሱንም አለፍን። ከአንድ አግዳሚ ዘንድ ደርሰን «ለመምህር ጠጋ በሉ» አሉ። ጠጋ አሉ። በክብር ተቀመጥኩ።

ቀና ስል ማሲንቆው ከፊቴ አንድ ክንድ አይርቅም። አዝማሪው ደጋኑን አውታሩ ላይ ሁለት ጊዜ ሳብ አደረገ፤ ዓይኑ ዳሱን ዞረ፣ ዞረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጎረቤቴን አንድ ነገር ጠየቀው። ጎረቤቴ ጆሮው ላይ ሲያንሾካሹክ ቆየ። አያን በዓይኔ ፈለግኋቸው፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፣ አንድ ጥርስ የጎደለው ሰው እያስገቡ ነው። ኪሴ ውስጥ የነበረው ብር ወደ ፍኖተ ሰላም መመለሻዬ ነበር። አዝማሪው ከቅድመ አያቴ ጀመረ።